የዊጄት አጠቃቀም ቆጠራ፦ ሲታደስ ወይስ ሲነካ?

የአይፎን ዊጄታችንን (በስልኩ ስክሪን ላይ የሚቀመጠውን የአፓችን ትንሽ መስኮት) ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ ዊጄቱ በታደሰ ቁጥር፣ ማለትም የሚያሳየውን መረጃ ባደሰ ቁጥር፣ መመዝገብ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ያሳስታል። የሚታደሰው ሲስተሙ በፈቀደው ሰዓት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚታይ ዊጄት በቀን ከ40 እስከ 70 ጊዜ ሊታደስ ይችላል። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ባያየውም ጭምር! ዳታና ባትሪም ይበላል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፦ ከአፑ ውስጥ መቁጠር። አፑ ሲከፈት የትኞቹ ዊጄቶች፣ በምን መጠን እንደተቀመጡ ዊጄትኪትን (የአፕልን የዊጄት መሥሪያ) መጠየቅ ይቻላል። ዊጄቱ የሚከፍተው ሊንክ ላይ ምልክት ካደረግን ደግሞ ሰውየው በየት በኩል እንደገባ ይታወቃል። አፑን የማይከፍቱት ያመልጡናል፤ ይሄ እውነት ነው። ከአይኦኤስ 17 ወዲህ ደግሞ ዊጄቱ ላይ ያለ በተን አፑን ሳይከፍት ይሠራል፤ እሱን ለብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል።