የደብረ ብርሃን በግ ጥብስ እና ከሩቅ የመጣ ቀይ ወይን

ታላቅ ወንድሜ ፈረንሳይ ደርሶ ሲመለስ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞልን መጣ። አዲስ አበባ አልከፈትነውም። አጎታችን ያሉት ደብረ ብርሃን ነው፣ ያለ እሳቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይከፈትም። ባለፈው ቅዳሜ 130 ኪሎ ሜትሩን ነድተን ሄድን። መኪናውን አጎቴ ግቢ አቁመን ወደ ምግብ ቤቱ በእግር ወጣን። የጥር ውርጭ ጆሮ ይቆርጣል።

ምግብ ቤቱ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው ያለው። የምነቅፈው ነገር ስላለኝ ስሙን ልተወው። በበግ ሥጋ የታወቀ ቤት ነው፣ ዝናውም አለቦታው አይደለም። የራስን ጠርሙስ ይዞ ለመግባት 400 ብር ይጠይቃሉ። ቀድመን ደውለን ስለተነጋገርን ቅር አላለንም።

ወይኑ የሳንት ኤሚሊዮን ነው፣ የ2018 በፈረንጆቹ። ሳንት ኤሚሊዮን ቦርዶ አካባቢ፣ ከዶርዶኝ ወንዝ በስተቀኝ ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። ከነወይን እርሻዋ በፈረንጆቹ 1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች። የጠርሙሱ ጀርባ ላይ የወይን ዝርያዎቹ ድብልቅ ተጽፏል፤ 70 በመቶ ሜርሎ፣ 25 በመቶ ካበርኔ ፍራንክ፣ የቀረው ካበርኔ ሶቪኞ።

ለምን ይቀላቅሉታል ብለው አጎቴ ጠየቁ። ወንድሜ አስረዳቸው። አገሩ ለአትላንቲክ ውቅያኖስ ቅርብ ነው፣ ዝናቡ አይታመንም። ሜርሎ ቀድሞ ይደርሳል፣ ካበርኔ ሶቪኞ ይዘገያል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ጣዕሙም ይሟላል፤ ሜርሎው ልስላሴውንና ፍሬውን ያመጣል፣ ካበርኔዎቹ ሽታውንና ጥንካሬውን።

«ባቄላና አተር ቀላቅለን እንደምንዘራው በለኛ» አሉ አጎቴ። ልክ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ነቀፌታዬ። ጠርሙሱን እንደገባን ለአስተናጋጁ ሰጥተነው ነበር። ልጁ በቅንነት ፍሪጅ ውስጥ ከተተው። ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ከተማ፣ ያውም በጥር! ከዚያም በትንንሽ የውሃ ብርጭቆ አፍ እስከ አፉ ሞልቶ ቀዳልን። ሙሉ አድርጎ መቅዳት በእኛ አገር አክብሮት ነው፣ በዚህ አልፈርድበትም። ወይን ግን እንዲሸት ቦታ ይፈልጋል። ብርጭቆው ከሲሶው ባያልፍ ይመረጣል።

የመጀመሪያው ጉንጭ አሳዘነኝ። ሽታ የለው፣ ፍሬ የለው። ምድጃ ላይ ተረስቶ እንደቆየ ሻይ አፌን ያዘው። ያ አፍ የሚይዘው ነገር ታኒን ይባላል። ከወይኑ ልጣጭና ዘር፣ ከበርሜሉም እንጨት ይወጣል። ምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ሲያያዝ አፍ ይደርቃል። ወይን ሲቀዘቅዝ ሽታው ይተኛል፣ ይሄ ድርቀት ግን ይብሳል። እንዲህ ዓይነቱ ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ነው የሚጠጣው። የክፍል ሙቀት ይበቃዋል የሚባለው ነገር ለደብረ ብርሃን አይሠራም።

ጥግ ላይ ፍም ያለበት ማንደጃ ነበር። ጠርሙሱን አጠገቡ ሳይሆን ራቅ አድርገን አስቀመጥነው። ብርጭቆዬን በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኩት። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሳሸተው መጀመሪያ እንጆሪ መጣ። ልጅ ሆነን ከአጥር ሥር የምንለቅመው፣ እጅ የሚያጠቁረው እንጆሪ። ቀጥሎ ፕሪም። ቆይቶ ደግሞ አዲስ የተቀረጸ እርሳስና የጽድ እንጨት። እርሳሱ የካበርኔ ፍራንክ ነው መሰለኝ፣ ጽዱ የበርሜሉ። ቦርዶ ውስጥ ወይን የሚያቆዩበት የኦክ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፣ እንጨቱ ሽታውን ያካፍላል።

ጣዕሙም ያው ወይን አልመስል አለኝ። ሲገባ ለስላሳ ነው። መሐል ላይ ይወፍራል፣ ምላስ ላይ ክብደቱ ይታወቃል። ከተዋጠ በኋላ ደግሞ ጉሮሮ ሥር ትንሽ ምሬት፣ እንደ ቡና ያለ፣ ቆይታ ትሄዳለች። ስኳር የለውም። አጎቴ ጠጅ አዋቂ ናቸው፣ በብርሌ ያደጉ ሰው። ሁለት ጊዜ ጎንጨት አሉና «ማር የለውም እንጂ የበሰለ ነው» አሉ። የበሰለ የሚለውን ቃል ለማንም ጠጅ አይሰጡም።

ጥብሱ በሸክላ መጣ፣ እየተንጫጫ። የመንዝ በግ ነው አሉን። ሥጋው ከነጮማው ተከትፎ፣ በቀይ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ብቻ የተጠበሰ፣ ዳር ዳሩ ቡኒ ሆኖ የደረቀ። በርበሬ አልነካውም። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉንጭ። ጮማው የወይኑን ድርቀት አለሰለሰው፣ ወይኑ የጮማውን ክብደት አቀለለው። የጥብስ ቅጠሉና የጽዱ ሽታ ተገናኙ። እውነቴን ነው፣ ለትንሽ ጊዜ ማናችንም አላወራንም።

አዋዜ ስነካበት ግን ሁሉም ጠፋ። በርበሬው አልኮሉን እሳት አደረገው፣ እንጆሪው የት እንደገባ እንጃ። አዋዜው ለብቻው ግሩም ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱ በደንብ የገባበት። ግን ለቢራ ይቀመጥ። ይዛችሁ የምትሄዱት እንዲህ ያለ ወይን ከሆነ ደረቁን ጥብስ ያለ ቃሪያ እዘዙ። ዶሮ ወጡን ለሌላ ቀን አቆዩት።

እንጀራው ጥሩ ነበር። ቅቅሉ ጨው በዝቶበታል። ቤቱ ሦስት አራት ሰፋ ያሉ የወይን ብርጭቆዎች ቢገዛና ጠርሙሱን ፍሪጅ ባያስገባ ሌላ የምለው የለኝም። ለአስተናጋጁ ስንወጣ ነገርነው። ከልቡ ነው የሰማን፣ ስንት ዲግሪ እንደሆነም ጠይቆ ስልኩ ላይ ጻፈ።

የመጨረሻውን የቀዱት አጎቴ ናቸው። ጠርሙሱን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገው፣ አንገቱን እያዩ፣ ቀስ ብለው ለሦስታችን አካፈሉ። ጥቁሩ አተላ አንገቱ ጋ ሲደርስ እጃቸውን አቆሙ። ማንም አላስተማራቸውም። ቡሹን መልሰው ወተፉና ባዶውን ጠርሙስ ጋቢያቸው ሥር ያዙት። «ለአረቄ ይሆናል» አሉ፣ ወደ ውርጩ ወጣን።