ፍራንከንስታይን፦ ያስለቀሰኝ ጭራቁ ነው

የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» ሳናነበው የምናውቀው ይመስለናል። አንገቱ ላይ ብሎን የተሰካበት፣ እያጓራ የሚሄድ ግዙፍ ሰውዬ ነው የሚታየን። እሱ የፊልሙ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ፍራንከንስታይን የሚባለው ፈጣሪው፣ ወጣቱ ቪክቶር ነው። ፍጡሩ ስም እንኳ የለውም። ግን ይናገራል፤ ሲናገር ደግሞ ልብ ይሰብራል።

ጎቲክ ልብ ወለድ ስለሆነ መቃብር፣ ሬሳና ግድያ አለበት። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቪክቶር የጀርመኗ ከተማ ኢንጎልሽታት ውስጥ ክፍሉን ዘግቶ፣ ሕይወት ሊዘራበት ሬሳ ሲገጣጥም፣ ውጭ በጋ ነበር። ማሳው እህል የሰጠበት፣ ወይኑ ያፈራበት ውብ በጋ። እሱ አላየውም። ቤተሰቦቹ ደብዳቤ እየጠበቁ፣ ለእነሱም አልጻፈም። ሰውዬው መንገድ የሳተው እዚያ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፍጡሩ ዓይኑን ከመግለጡ በፊት፣ ገና ወቅቱን ማየት ሲያቆም።

ብዙ ሰው መጽሐፉን «ሳይንስን የሚቃወም» ይለዋል። በፍጹም አልስማማም። የኬሚስትሪ መምህሩ ዋልድማን እኮ ደግ፣ የሚከበር ሰው ሆኖ ነው የተሳለው። ሬሳን ሕያው የማድረግ ሐሳቡም ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1803 ለንደን ውስጥ ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጆቫኒ አልዲኒ በስቅላት የተቀጣ ሰው አስከሬን ላይ ኤሌክትሪክ ሲለቅ፣ መንጋጋው ተንቀሳቅሶ አንድ ዓይኑ ተከፍቷል። ሜሪ ያደገችው እንዲህ ያለው ሙከራ በሚወራበት ዘመን ነው። የቪክቶር ጥፋት ማወቅ መፈለጉ አይደለም፤ የፈጠረውን አይቶ መሸሹ ነው። በ1815 የመጀመሪያ ልጇን በጨቅላነቷ ያጣች ሴት በዓመቱ ይህን መጻፍ መጀመሯን ሳስብ፣ ያ የሽሽት ሌሊት ይበልጥ ይከብደኛል።

በሜሪ ዘመን የነበሩት፣ ሮማንቲክ የሚባሉት ጸሐፊዎች ተፈጥሮ ነፍስን ይፈውሳል ይሉ ነበር። ሜሪም ታምንበታለች፣ ግን እስከ ጫፍ ድረስ ትፈትነዋለች። ቪክቶር ወንድሙ ተገድሎበት፣ ጀስቲን የምትባል ምስኪን ልጅ ባልሠራችው ወንጀል ከተሰቀለች በኋላ፣ አልፕስ ተራሮች ውስጥ ወዳለው ሻሞኒ ሸለቆ ይሄዳል። የሞን ብላንን ተራራ፣ ግግር በረዶውን ሲያይ ደስታ ቢጤ ይሰማዋል። ልክ በዚያች ቅጽበት ፍጡሩ በረዶውን እየዘለለ ይመጣል! ተራራው ያጽናናል፤ ጥፋትን ግን አይደብቅም።

ከዚያ የፍጡሩ ታሪክ ይጀምራል፤ የመጽሐፉ ልብም ይኸው ነው። ጨረቃን መጀመሪያ ያየበት፣ በወፎች ዜማ የተደሰተበት፣ እሳት ሞቆት እጁን ከትቶ የተቃጠለበት። ለማያውቁት ድሃ ቤተሰብ በሌሊት እንጨት ይለቅምላቸዋል። ፊቱን ያዩ ቀን ግን አባረሩት። ያም ሆኖ ፀደይ ሲመጣ ልቡ እንደገና ይለሰልሳል፤ ወንዝ የገባች ልጅ ያድናል፤ ምላሹ ጥይት ሆነ። ስለ ተፈጥሮና ስለ ስሜት የሚሰበከውን ሁሉ ከማንም በላይ የኖረው እሱ ነው፣ ሰው ያልተባለው። እዚህ ጋ አለቀስኩ።

እንከን የለውም አልልም። ቪክቶር ስለ ራሱ ሲያለቃቅስ ገጽ በገጽ ይሄዳል። ያ ድሃ ቤተሰብ ጋ የምትመጣው የሳፊ ታሪክ መሀል ላይ የተወሸቀ ነው፤ የቪክቶር እጮኛ ኤልሳቤጥም የራሷ ሕይወት የሌላት፣ እሱን የምትጠብቅ ብቻ ሆናለች።

ስትገዙ ሁለት ቅጂ እንዳለ እወቁ፤ የ1818ቱ እና ደራሲዋ ራሷ ያሻሻለችው የ1831ዱ። እኔ የ1818ቱን እመርጣለሁ። በኋለኛው ቪክቶር ነገሩን ሁሉ ዕጣ ፈንታ ላይ ይበልጥ ያሳብባል፤ በፊተኛው ግን ምርጫው የራሱ መሆኑ ይታያል። የ1831ዱ ግን ሐሳቡ በ1816 ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ፣ ዝናብ ቤት በዘጋባቸው ሰሞን እንዴት እንደተወለደ የምትተርክበት መግቢያ ስላለው፣ እሱን ለብቻው ፈልጋችሁ አንብቡት።

መነሻው ላይ ያሉት፣ የቪክቶርን ታሪክ የሚሰማው መርከበኛ ደብዳቤዎች ቀስ ይላሉ። እባካችሁ እንዳትተዉት፤ ቪክቶርና ፍጡሩ በረዶው ላይ እስኪገናኙ ድረስ ብቻ ታገሱ።