ዳሬሰላም ውስጥ «የአያቴ ጭምብል ነው» የሚላችሁን አትመኑ

ዛሬ ጠዋት የሆነ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

ለሥራ እዚህ የመጣችሁ የቅርጻ ቅርጽ ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሻጩ «ራፊኪ (ወዳጄ)፣ ማየት በነፃ ነው» ይላል፣ ወንበር ይስባል፣ ከዚያ ከጓዳ በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ ያወጣል። ለእኔ የወጣው የማኮንዴዎች፣ በደቡብ ታንዛኒያና በሰሜን ሞዛምቢክ የሚኖሩት ሕዝቦች፣ ጭምብል ነበር፣ ማፒኮ የሚሉት። «የአያቴ ነው፤ ሲጨፍርበት የኖረ። ንጹህ ዞጲ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጥቁሩን ከባድ እንጨት ማለቱ ነው። 250 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ይህ ትናንት ነው። ማታ መንገድ ላይ ዝናብ መታኝ። ሆቴል ስደርስ እጄ እስከ አንጓዬ ጠቁሯል። ጭምብሉ ግንባር ላይ ነጭ እንጨት ብቅ ብሏል። የጫማ ቀለም ይሸታል።

ዛሬ ሱቁ እንደተከፈተ ሄድኩ። ሰውየው ቅንጣት አልደነገጠም። ጭምብሉን ተቀበለኝ፣ ከጠረጴዛው ሥር ብሩሽ አወጣ፣ የነጣውን ቦታ አሸት አሸት አደረገና መልሶ አስታቀፈኝ። «አሁን ደህና ነው።» ገንዘቤን ስለው ፊቱን አዞረ። ሁለት ፈረንጆች ገብተዋል። ጓዳ ገባ፣ በዚያው ዓይነት ጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ ይዞ ወጣ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአያቴ ነው።» እኔ እዚያው ቆሜ! ረዳቱ ደግሞ እያየኝ ይስቃል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ እያወቅኩ መታለሌ ነው። አብሮኝ የሚሠራ የማኮንዴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብሎ አስረድቶኝ ነበር። ማፒኮ ልጆች ወደ አዋቂነት የሚሸጋገሩበት ሥርዓት ሲያበቃ የሚጨፈርበት ነው። ጨፋሪው እንደ ቆብ ጭንቅላቱ ላይ ያጠልቀዋል፣ በጭምብሉ አፍ ቀዳዳ ያያል፣ ገላውን በጨርቅ ይሸፍናል። የመጣው ሰው ሳይሆን የሙታን መንፈስ ነው ይባላል። ብዙ ጊዜ የእውነት የሰው ፀጉር ይለጠፍበታል። ስለሚዘለልበት ከቀላል እንጨት ይፈለፈላል። ዞጲ እኮ ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ እንጨት ነው! ውሸቱ እዚያው ቃሉ ውስጥ ነበር። የእኔው ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፣ ጭንቅላት የሚገባበት የለውም። አይቼዋለሁ። አይቼ ከፈልኩ።

ከዚሁ ከተማ ሙዚየም በ1984 (እ.ኤ.አ.) የተሰረቀ አንድ የማኮንዴ ጭምብል ከስዊዘርላንድ የተመለሰው በ2010 ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከጓዳ ይወጣልኛል ብዬ አመንኩ።

የምትገዙ ከሆነ ጠርዙን በእርጥብ ጣት እሹት። ውስጡንም እዩ፤ ላብና ግንባር ያሻሸው እንጨት ያስታውቃል።

በረራዬ ማታ ነው። ጭምብሉ አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ አንሶላውን አጥቁሮታል።