«ከቦሌ ዲሲ በ13 ሰዓት» የሚል ትኬት ሲቀርብላችሁ ተጠንቀቁ

እናት አባት ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ለማምጣት ትኬት የምትፈልጉ ወገኖች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ አትላኩ። በቴሌግራም «ከቦሌ ዲሲ በ13 ሰዓት፣ በቅናሽ» የሚሉ ወኪሎች አሉ። አክስቴ ከእነዚህ በአንዱ የተነሳ ሻንጣቸውን ይዘው ከቦሌ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

መጀመሪያ ስለ 13 ሰዓቱ። በሁለቱ ከተሞች መካከል በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። 13 ሰዓት አካባቢ የሚፈጀው ግን ከዲሲ ወደ አዲስ አበባ ያለ ማረፊያ ሲበረር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዲሲ ሲኬድ ሌላ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ ኤርፖርት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ መንገደኛ ጋር ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ደብሊን እንዲህ ካገለገሉ ከተሞች አንዷ ናት። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከፊት ነው። በዚህ ሁሉ ምክንያት ጉዞው 16፣ 17 ሰዓት ይደርሳል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የመልሱን ሰዓት ለመሄጃው አድርጎ መሸጥ ነው።

ትኬቱን አይቶ መሳሳትም ቀላል ነው። መነሻው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ መድረሻው በዲሲ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ዲሲ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ በ7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ማታ 4 ሰዓት ተነስቶ ጠዋት 2 ሰዓት የሚደርስ በረራ 10 ሰዓት ይመስላል። 7ቱ ሲጨመር 17 ነው።

አክስቴ ላይ የደረሰው ግን ከዚህም ይብሳል። የተሸጠላቸው የማይገናኙ ሁለት ትኬቶች ነበሩ፤ አንዱ እስከ አውሮፓ፣ ሌላው ከዚያ እስከ ዲሲ፣ በተለያየ አየር መንገድ። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣው እስከ መጨረሻው አይላክም። መንገደኛው አውሮፓ ላይ ወጥቶ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ እንደ አዲስ ቼክ ኢን ማድረግ አለበት። ለመውጣት ደግሞ የአገሩ መግቢያ ቪዛ፣ ለብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች የሸንገን የሚባለው የጋራ ቪዛ፣ ይጠየቃል። የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ኤርፖርቱ ውስጥ ሆኖ ለማለፍ ሊፈቀድለት ይችላል፤ ከኤርፖርቱ ለመውጣት ግን አይረዳውም። አክስቴ ይህን የሰሙት ቦሌ፣ ቼክ ኢን መስኮቱ ላይ ነው። ልጃቸው ልትወልድ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀራት። ወኪሉ «ትኬቱ አይመለስም» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይመለስላችሁ፦ ሻንጣው የት ድረስ ነው የሚላከው? ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት ነው? ትኬቱ እንደተቆረጠ ቁጥሩን ተቀበሉ። 13 አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 3 አሃዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። ለአንድ መሄጃ መለያቸው የተለያየ ሁለት ቁጥር ከመጣላችሁ፣ ለየብቻ የተገዙ ናቸው ማለት ነው። በማግስቱ ሳይሆን ያኔውኑ ጠይቁ።

አከፋፈሉንም አስቡበት። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ባንኩ ዘንድ አቤት ማለት ይችላል። የአክስቴ ልጅ የከፈለችው ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በቀጥታ በሚላክበት በዜል (Zelle) ነው፤ ራሷ ፈቅዳ የላከችው ስለሆነ ባንኩ ሊመልስላት አልቻለም።