የሳምንት ቁሌት በምን ይቀመጥ? ፕላስቲክ፣ መስታወት ወይስ ብረት

እሁድ ጠዋት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ከትፌ ሳምንቱን የምገላገል ሰው ነኝ። ደሴ ነው የምኖረው። ከሥራ ስገባ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ወርዶ፣ ብርዱም ገብቶ ይጠብቀኛል። በዚያ ሰዓት ቁሌት ልጀምር ብል ራት አራት ሰዓት ነው።

የሳምንት ምግብ ማዘጋጀት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በሰባት ዕቃ የተደረደረ ሩዝና ዶሮ ነው። እኛ ቤት ነገሩ ቁሌት ነው። ቁሌቱ ካለ ምስሩም፣ ክኩም፣ ሥጋውም ተሠራ ማለት ነው። እኔ የምሠራው በዘይት ብቻ ነው፤ ቅቤውም መከለሻውም በየቀኑ ወጡ ሲሠራ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል። ደግሞ ወሎ ነው፤ አንድ ጣሪያ ሥር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይኖራል። ሥጋው የየራስ ነው፣ ቁሌቱ ግን የጋራ።

እንግዲህ ዕቃ ስትገዙ ጥያቄው አንድ ነው፦ ቁሌት ይችላል ወይ? ቁሌት ክፉ ነው። ያቀላል፣ ይሸታል፣ ዘይቱ የማይገባበት የለም።

ፕላስቲክ

ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቢወድቅ አይሰበርም። ሁላችንም የምንጀምረው በእሱ ነው። ግን አንዴ ቁሌት የገባበት ነጭ ፕላስቲክ ተመልሶ ነጭ አይሆንም። የበርበሬው ቀለም ዘይት ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያ በኋላ ብትፈትጉትም ትርፉ ድካም ነው።

ቀለሙስ ይሁን። የሚያናድደው ሽታው ነው። ማክሰኞ ቅቤ ያለው ወጥ ያደረበትን ዕቃ አጥባችሁ ረቡዕ ክዳኑን ስትከፍቱ ቅቤ ቅቤ ይላል። ጾመኛ ያለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፕላስቲክ ከሆነ የጾሙንና የፍስኩን ዕቃ ለይታችሁ መግዛት አለባችሁ፤ ያኔ ርካሽነቱ የት አለ?

የግድ ከሆነ ገልብጣችሁ ታቹን እዩ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለበት ሙቀት የተሻለ ይችላል። እዚያው ሱቁ ውስጥ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱት፤ ገና ሳይነካ የሚሸት ከሆነ ተዉት። የአይስክሬም ባልዲ ለምስርና ለክክ ማስቀመጫ ጥሩ ነው፤ ትኩስ ነገር ግን አታፍስሱበት።

መስታወት

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር ማለቴ ነው። ቀለም አይዝም፣ ሽታ አይዝም። ውስጡ ያለው ከውጭ ስለሚታይ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እያሉ ክዳን መክፈት የለም።

ጠላቱ የሙቀት ድንገተኛ ለውጥ ነው። አንድ ቀን ቸኩዬ ከፍሪዘር ያወጣሁትን ዕቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ቀጭ አለ። ስንጥቋ ፀጉር ታክላለች፣ ቁሌቱም አልፈሰሰም። ግን መስታወት የገባበትን ምግብ ማን ይበላል? ሙሉውን ደፋሁት። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ማታውኑ ወደ ፍሪጅ አውርጄ ባሳድረው ኖሮ በቀስታ ይቀልጥ ነበር።

ስትገዙ ቦሮሲሊኬት የሚል ጽሑፍ ካለው እሱን አስቀድሙ፤ የሙቀት ለውጥ ከተራው መስታወት የተሻለ ይችላል። ይችላል ማለት ግን የእኔን ዓይነት ቅጣት ሁሉ ይሸከማል ማለት አይደለም። ለፍሪዘር አፉ ሰፊ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ይሁን፤ አንገቱ የጠበበ ጠርሙስ ውስጡ ያለው ሲረጋ ስለሚያብጥ ይሰነጠቃል። ከላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተዉለት። ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው ማያያዣው ነው።

ስቴንለስ ብረት

ምሳ ዕቃ ለሚይዝ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ሽታ አይዝም፣ አይሰበርም፣ ክዳኑን አንስታችሁ ምድጃ ላይ በቀስታ ማሞቅ ትችላላችሁ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን አይገባም። ውስጡም አይታይም፤ ፕላስተር ለጥፋችሁ ቀኑን ጻፉበት። የክዳኑ ጎማ የሚወልቅና የሚታጠብ መሆኑን እዩ፤ ካልወለቀ ሥሩ ይሻግታል።

አሉሚኒየሙን ለዚህ ሥራ አልመክርም። ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ነገር ሲያድርበት ጣዕሙ ይለወጣል።

ከዕቃው በፊት

እውነት ለመናገር ደሴ ላለ ሰው ብሩ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ፕሬሸር ኩከር ይግዛ እላለሁ። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራው አልበስል ብሎ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ዕቃ ማማረጡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቁሌቱ እንደወጣ ጥልቅ ዕቃ ውስጥ አትከምሩት። መጀመሪያ ዝርግ ሳህን ላይ አብርዱት፣ ከዚያ ግማሽ ሊትር በሚይዙ ትንንሽ ዕቃዎች ከፋፍሉት። ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። የደሴ ብርድ ፍሪጅ ይመስላል፤ ፍሪጅ ግን አይደለም። ኮምቦልቻ ያላችሁማ ጭራሽ አትሞክሩት፤ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችሁ ሙቀት ውስጥ ናችሁ። ፍሪጅ ውስጥ፣ ያውም 4 ዲግሪና ከዚያ በታች፣ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። የሐሙስ፣ የዓርብና የቅዳሜው ከመጀመሪያው ፍሪዘር ይግባ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ የተዘጋ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ሁለት ቀን ገደማ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አራት መስታወትና አንድ የብረት ምሳ ዕቃ ይበቃል። ሃያ አራት ፍሬ ነው፣ ከነክዳኑ ነው የሚሉትን ጥቅል ተዉት፤ ግማሹ ለጨው እንኳ የማይሆን ትንንሽ ነው።

የድሮ ፕላስቲኮቼን ግን አልጣልኩም። ለጎረቤት ወጥ የምልከው በእነሱ ነው። በረመዳን አንዱን ምስር ሞልቼ ሰደድኩት፤ እዚህ አገር ደግሞ ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሳምቡሳ ይዞ መጣ፣ ክዳኑ ግን የእኔ አልነበረም።