ስታዲየም አካባቢ ለምትሠራው የስነ ምግብ ባለሙያ፣ እጅሽ ይባረክ!

ቤታችሁ ስፖርተኛ ያለ ይህን አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ አሎሎ ወርዋሪ ነው። ቁመቱ 1.78 ሜትር፣ ክብደቱ 92 ኪሎ። አንድ ቦታ ሊመረመር ሄዶ "ቢኤምአይህ (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚሰላበት ቁጥር) 29 ነው፣ 25 ካለፈ ወፍረሃል ማለት ነው፣ ቀንስ" ተብሎ መጣ። ልጁ ደነገጠ። እራት መዝለል ጀመረ። ልምምድ ላይ ጉልበት ከዳው፣ ሞራሉም ወደቀ። እናታችን ብትለምነው፣ ብታለቅስ፣ ወይ ፍንክች!

ይህቺን ባለሙያ የጠቆመን የክለብ ጓደኛው ነው። አብሬው ሄድኩ። "ይሄ ስሌት ኪሎን ለቁመት ስኩዌር ማካፈል ብቻ ነው። ጡንቻና ስብ አይለይም" አለችው። ስፖርት ለማይሠራ ሰው ለመነሻ ይጠቅማል ባይ ናት። እንደሱ በብረት ለዳበረ ሰውነት ግን ብቻውን አይበቃም።

ከዚያ የሰውነቱን ስብ ስትለካ አለካኳን ብታዩ! ቦታውን በሜትር ፈልጋ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች። ቆዳውን ከነስቡ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋ ከጡንቻው ታላቅቀዋለች። እንደ መቆንጠጫ ያለውን የእጥፋት ውፍረት መለኪያ ከጣቷ አንድ ሴንቲ ሜትር አርቃ ታስነክስና ሁለት ሰከንድ ያህል ጠብቃ ታነባለች። የክንድ ጀርባ፣ ከትከሻ አጥንት ስር፣ ሆድ፣ ጭን፣ ሁሉንም በቀኝ በኩል። ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው። ሁለቱ ካልተቀራረቡ ሦስተኛ ትለካለች እንጂ በግምት አታልፍም።

ስቡ 14 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ወገቡ 84 ሴንቲ ሜትር፣ ከቁመቱ ግማሽ በታች። "ይሄም ቢሆን ግምት ነው፣ ሦስት አራት በመቶ ሊስት ይችላል። አንተ የየቦታውን እጥፋት ውፍረት በሚሊ ሜትር ድምሩን ያዝ፣ ሌላ ጊዜ እኔው ለክቼህ እናወዳድራለን" አለችው። ይሄ ግልጽነቷ ነው ልቤን የነካው። ማሽን ላይ አቁሞ ወረቀት አትሞ የሚሸኝማ ሞልቷል።

ለሯጮችም እንዲሁ ናት። ቢኤምአያቸው ከ18.5 በታች ቢወርድ በቁጥሩ ብቻ አትፈርድም። ምን እንደሚበሉ፣ ጉዳት እንደሚደጋግማቸው፣ ሴቶቹን ደግሞ የወር አበባቸው እንዳልቀረ ረጋ ብላ ትጠይቃለች።

ወንድሜ አሁን እራቱን በልቶ ነው የሚያድረው። እህታችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን!

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃታለሁ። ቁምጣና ካናቴራ ያዙ። ከልምምድ በፊት ሂዱ፤ ላብ ካለ ቆዳው እያዳለጠ ልኬቱ ይበላሻል።