ለሰኞ ገበያው ሳይክል ሠሪ፦ እጅዎ ይባረክ!

ደሴ ውስጥ በክረምት ሳይክል የምትነዱ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ሰኞ ገበያ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ሳይክል ሠሪ አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም፤ ማመስገንን ግን ሊከለክሉኝ አይችሉም።

የእኔ ባለ ዲስክ ፍሬን ማውንቴን ሳይክል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ለማየት በሃረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እወርድበታለሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ደሴ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ጉም ሲጥል ከፊት ካለው የጭነት መኪና የሚታየው የኋላ መብራቱ ብቻ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቦታ ወስጄ «ለዝናብ አዘጋጁልኝ» አልኳቸው። ካቴናውን የተቃጠለ ዘይት አጠጡት። ዘይቱ እየተረጨ ዲስኩ ላይ ደረሰና ፍሬኑ መጮህ እንጂ መያዝ ተወ። አቤት ብል «ዕቃው ነው» አሉኝ። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ሙሉ ፍሬኑ ካልተቀየረ ብለው ሌላ ሳይክል ሊገዛ ጥቂት የሚቀረው ዋጋ ጠሩብኝ፤ ያውም እንጠበው ብለው በግፊት ውሃ ደብድበውት ኩሽኔታው መንኳኳት ከጀመረ በኋላ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። ገንዘቡስ ይሁን፤ ያ ፍሬን ሃረጎ ላይ ቢከዳኝ ኖሮ ለእናቴ ማን መልስ ይሰጣት ነበር?

በመጨረሻ ሰኞ ገበያ ወደ አዛውንቱ ወሰድኩት። ጋሼ የፍሬኑን ሸራ አውጥተው አሸተቱትና «ዘይት ጠጥቷል፤ ፍሬኑ ግን ደህና ነው፣ አብሽር» አሉኝ። ሸራውን ብቻ ቀየሩ። ዲስኩን ነጭ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ በአልኮል እየደጋገሙ ጠረጉት። ኩሽኔታውን ፈትተው ግሪስ ቀቡት፣ ጭቃ እንዳይረጭ ፓራፋንጎ ገጠሙለት፣ እኔ ያልገባኝንም ብዙ ነገር ነካኩ።

ሒሳብ ልክፈል ስል «ቆይ፣ ዝናቡ ይምጣ» አሉ። «ደረቅ አስፋልት ላይ ሁሉም ፍሬን ጎበዝ ነው።» ሻይ እየጠጣን ጠበቅን። መጣል ሲጀምር ላስቲክ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ሳይክሉን ራሳቸው ይዘው ቁልቁል ወረዱ። ውሃ ከኮታቸው እየተንጠባጠበ ተመለሱና «የኋላው ዘግየት ይላል» ብለው እርጥቡ መሬት ላይ ተንበርክከው እንደገና አስተካከሉት። ገንዘቤን የተቀበሉኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ከጠበቅሁት እጅግ ያነሰ። በዚያ ዕድሜ ለሰው ልጅ ደኅንነት ብሎ ዝናብ የሚመታው ባለሙያ እኔ ሌላ አላየሁም።

ከጭቃ ስመለስ በባልዲ ውሃ ቀስ ብዬ እንዳጥበው፣ ካቴናውን አድርቄ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጌ ትርፉን እንድጠርግ፣ ጭቃ ላይ ስወጣ የጎማውን ነፋስ ትንሽ እንድቀንስ መከሩኝ። ለምክሩ ሳንቲም አልጠየቁም።

እናቴ ቅዳሜ ዝናብ ከጣለ እስክደርስ ከበር አትነሳም ነበር። ታሪኩን ስነግራት ዱዓ አደረገችላቸው፤ ጥሬ ቡናም ቋጥራ ላከችላቸው።

እባካችሁ ወደ እሳቸው ሂዱ። ልጆቻችሁ ሳይክል የሚነዱ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትሉ ውሰዱላቸው። ሰኞ ገበያተኛው መንገዱን ስለሚሞላው ሳይክል ይዞ ማለፍ ያስቸግራል፤ በሌላ ቀን በጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!